በአእምሮ ሕመም የተያዘ ቤተሰብዎን ያለ ገመድ ሐኪም ቤት ለማድረስና መብቱን ለማስጠበቅ፦ ለአዲስ አበባ ዳርቻ ነዋሪዎች ዝርዝር መመሪያ

«ሐኪም ቤት ወስጄው ነበር፤ መልሰው ላኩን።» በእድራችን ስብሰባ ላይ ይህን ንግግር ስንት ጊዜ እንደሰማሁ አላውቅም። የምንኖረው ከከተማው ዳር ነው። ከቱሉ ዲምቱ ወይም ከኮዬ ፈጬ ተነስቶ መርካቶ አጠገብ ያለው አማኑኤል ሆስፒታል ለመድረስ በሰልፍና በታክሲ ቅያሪ ጠዋቱ ያልቃል። አንድ ጉዞ ከከሸፈ ሁለተኛው የሚሞከረው ከወራት በኋላ ነው። በመሃል ሕመሙ ይብሳል፣ ገመድ ይመጣል፣ አንዳንዴም ቤቱ በታማሚው ፊርማ ይሸጣል።

ታላቅ ወንድሜን ባስታመምኩባቸው ዓመታት ከዚህ በታች ከማስጠነቅቃችሁ ስህተቶች አብዛኞቹን ቤታችን ሠርቷቸዋል። ቅደም ተከተሉን አይዝለሉ። በተለይ ደረጃ 2ን ዘልሎ ደረጃ 9 ላይ ያላለቀሰ ቤተሰብ አላየሁም።

ደረጃ 1፦ ዛሬውኑ ነው ወይስ በዚህ ሳምንት?

ሁሉም የባሕርይ ለውጥ የአእምሮ ሕመም አይደለም። መጀመሪያ የሰውነት ሕመም አለመሆኑን ያረጋግጡ። ሰውየው በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ድንገት መቃዠት ከጀመረ፣ ትኩሳት ካለው፣ አንገቱ ከተገተረ፣ ጭንቅላቱን ተመትቶ ከነበረ፣ የስኳር ታማሚ ከሆነ፣ ወይም ለዓመታት ይጠጣ የነበረውን አረቄ በድንገት አቁሞ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ወደ አእምሮ ሆስፒታል አይሂዱ። በአቅራቢያዎ ወዳለ አጠቃላይ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት። የወባ፣ የማጅራት ገትርና የደም ስኳር ማነስ መቃዠት ለዓይን ከአእምሮ ሕመም ጋር ይመሳሰላል፤ ሰዓታትን ካባከኑ ግን ሕይወት ይጠፋል።

ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ መድረስ ያለባቸው ደግሞ እነዚህ ናቸው፦

- ሞትን የሚመኝ፣ የሚሰናበት፣ ንብረቱን የሚያድል ሰው
- ሰውን ለመጉዳት መሣሪያ ያነሳ
- ለቀናት እህል ውኃ ያልቀመሰ
- ከወለደች ጥቂት ሳምንታት የሆናት፣ እንቅልፍ ያጣችና ያልተለመደ ነገር የምትናገር እናት፤ ይህችን እናት ከሕፃኑ ጋር ለብቻዋ አይተዋት

«ራስህን ስለማጥፋት ታስባለህ?» ብለው በግልጽ ይጠይቁ። ጥያቄው ሐሳቡን አይፈጥርበትም፤ ብዙዎች የሚጠይቃቸው ሰው በማግኘታቸው ይተነፍሳሉ። መልሱ «አዎ» ከሆነ ለብቻው አይተዉት። በቤትና በጓሮ ያለውን የፀረ ተባይ ኬሚካል፣ የአይጥ መርዝና የተጠራቀመ መድኃኒት በዚያው ሰዓት ከግቢ ያስወጡ። እኛ ዘንድ እርሻም ግቢም ስላለ ማላታይን የሌለበት ቤት ጥቂት ነው።

አንዳንድ ቤተሰብ ፖሊስ ይከስሰዋል ብሎ ሙከራውን ከሐኪም ይደብቃል። አይደብቁ። በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ራሱን ለማጥፋት የሞከረ ሰው አይቀጣም፤ አንቀጽ 542 የሚቀጣው ያነሳሳውን ወይም የረዳውን ሌላ ሰው ነው።

ደረጃ 2፦ ዶሴውን ያዘጋጁ

አንድ የፕላስቲክ ዶሴ ይግዙ። በውስጡ እነዚህ ይግቡ፦

1. የታማሚው መታወቂያና ሁለት ፎቶ ኮፒ
2. የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መታወቂያ፣ ካላችሁ። የዓመቱ መዋጮ መታደሱን ይመልከቱ።
3. ከጤና ጣቢያ የተጻፈ የሪፈር ወረቀት
4. ማንኛውም የቀድሞ የሐኪም ወረቀት፤ ባዶ የክኒን ማሸጊያም ቢሆን
5. ከዚህ በታች የምነግርዎት አንድ ገጽ ጽሑፍ

ጽሑፉ አጭር ይሁን፤ ቀንና የታየ ነገር ብቻ ይኑረው። «አበደ»፣ «ለከፈው»፣ «ነካው» ብለው አይጻፉ፤ ሐኪሙ ከእነዚህ ቃላት ምንም አያገኝም። እኔ ለወንድሜ የጻፍኩት እንዲህ ይል ነበር፦

«ከመስከረም መጀመሪያ ጀምሮ በሌሊት ከሁለት ሰዓት በላይ አይተኛም። ከኅዳር ጀምሮ ጎረቤት መርዞኛል ብሎ ቤት የተሠራ ምግብ አይበላም፤ የታሸገ ብስኩት ብቻ። ለብቻው ሲሆን ከሰው ጋር እንደሚነጋገር ይመልሳል። ጫት በሳምንት ሦስት ቀን። ማንንም አልመታም። አጎታችን ተመሳሳይ ሕመም ነበረባቸው።»

ይህ ወረቀት ሐኪሙን ግማሽ ሰዓት ከመጠየቅ ያሳርፈዋል። ደግሞ ታማሚው ራሱ እዚያው ተቀምጦ ስለ እርሱ ጮክ ብላችሁ እንዳትከራከሩ ያደርጋል።

ደረጃ 3፦ የት እንደሚሄዱ ይወስኑ

ድንገተኛ ካልሆነ ከሠፈርዎ ጤና ጣቢያ ይጀምሩ። ለአእምሮ ሕመም የሠለጠነ ነርስ ያለባቸው ጤና ጣቢያዎች አሉ፤ ሲደርሱ «የአእምሮ ጤና የሚያይ ባለሙያ በየትኛው ቀን ነው የሚገባው?» ብለው ይጠይቁ። ድብርትና የሚጥል በሽታ ብዙ ጊዜ እዚያው ይታከማል። ከአቅሙ በላይ ከሆነ ሪፈር ይጽፋል።

ወደ ላይ የሚላኩት አማኑኤል ብቻ አይደለም። የካ ኮተቤ፣ ዘውዲቱ፣ የካቲት 12 እና ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ። ከአያት ወይም ከለገጣፎ የሚመጣ ሰው አማኑኤል ድረስ ከመሻገር የካ ኮተቤን ቢያስቀድም ድካሙ ይቀላል። ሪፈሩ ሲጻፍ የሚቀርብዎትን ሆስፒታል ራስዎ ይንገሩ።

*ማስጠንቀቂያ፦* የጤና መድን ተጠቃሚ ሆነው ሪፈር ሳይዙ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ከሄዱ ወጪውን ራስዎ ሊከፍሉ ይችላሉ። በሸገር ከተማ ሥር ባሉት በቡራዩ፣ በሰበታ፣ በሱሉልታ ወይም በገላን የሚኖሩ ከሆነ ደግሞ የመድን መታወቂያዎ የተሰጠው በኦሮሚያ በኩል ስለሆነ፣ አዲስ አበባ ያለው ሆስፒታል ይቀበለው እንደሆነ ሪፈር ከሚጽፈው ጤና ጣቢያ አስቀድመው ያረጋግጡ። መልሰው ከላኳቸው ሰዎች ብዙዎቹ የወደቁት እዚህ ላይ ነው።

ደረጃ 4፦ እንዲሄድ ያነጋግሩት

አብዛኛው ቤተሰብ የሚሰናከለው እዚህ ነው። ስለዚህ ጊዜ ይስጡት።

*አይዋሹት።* እኛ ወንድሜን «ለቅሶ ልንደርስ ነው» ብለን መኪና ላይ አወጣነው። ሆስፒታሉ በር ላይ ሲደርስ የእናቴን ፊት ያየበትን ዓይን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ ከእርሷ ጋር መኪና ውስጥ አልገባም፤ የሰጠችውንም ክኒን አልዋጠም። በውሸት የተገኘች አንዲት ቀጠሮ አሥር ቀጠሮ ታስከፍላለች።

*የሚያምነውን አይቃወሙ፤ አያጽድቁለትም።* «ማንም አልመረዘህም!» ካሉት እርስዎንም ከመራዦቹ ይቆጥርዎታል። «አዎ መርዘውሃል» ካሉት ደግሞ ሕመሙን አጠነከሩት። ይልቅ እርሱ ራሱ የሚያማርርበትን ነገር ይያዙ፦ «እኔ እንደዚያ አላየሁም፤ አንተ ግን መፍራትህ ይታየኛል። እንቅልፍ ካጣህ ሦስት ሳምንት ሆነ። ለእንቅልፍህ ሐኪም እናማክር፤ አብሬህ እገባለሁ።» እንቅልፍ፣ ራስ ምታትና የልብ ምት ሁሉም ሰው የሚቀበላቸው በሮች ናቸው።

*አንድ ሰው ብቻ ይናገር።* አምስት ዘመድ ከብቦ ከመከረ ችሎት ይመስላል። የሚያከብረውን ሰው ይምረጡ፤ የንስሐ አባቱ፣ የመስጊዱ ሼህ፣ የልጅነት ጓደኛው ሊሆን ይችላል። ያ ሰው አስቀድሞ ከእርስዎ ጋር ይነጋገር፤ «ጋኔን ነው» ሊል ከሆነ አያስገቡት።

*ሰዓቱን ይምረጡ።* ትንሽ ተኝቶ ከነቃ በኋላ፣ ከቁርስ በኋላ። ጫት ቅሞ ሲመሽ ወይም ጠጥቶ ሲገባ አይሞክሩ።

እምቢ ቢልስ?

ለራሱም ለሌላውም አደገኛ ካልሆነ፣ እምቢ የማለት መብት አለው። የዚያን ቀን ይተዉት። እርስዎ ግን ጽሑፍዎን ይዘው ብቻዎን ጤና ጣቢያ ይሂዱና ባለሙያ ያማክሩ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ቤት ለቤት ስትዞር «ለሁላችሁም ደም ግፊት ልለካ» ብላ ብትገባና በእርግጥም የሁሉንም ብትለካ ብዙ ጊዜ ወሬ ይከፈታል። በሳምንቱ እንደገና ይጠይቁት። ወንድሜ በአራተኛው ነው «እሺ» ያለው።

አደገኛ ከሆነ ለአምቡላንስ 907 (ቀይ መስቀል)፣ ለፖሊስ 991 ይደውሉ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገርዎ «ታሟል፤ ወንጀለኛ አይደለም፤ ወደ ሆስፒታል ለማድረስ እርዱን» ይሁን። «እብድ ረበሸን» ብለው ከጠሩ ፖሊስ የሚመጣው ለእስር ተዘጋጅቶ ነው።

ግድ ሆኖ መያዝ ካስፈለገ በእጅ ብቻ፣ ለደቂቃዎች ብቻ ይያዙት። በደረቱ አያስተኙት፤ ደረቱና ጀርባው ላይ አይቀመጡ፤ አንገቱን አይጫኑ፤ መተንፈስ ያቅተዋል። የሚይዙት ሰዎች እየያዙ ያነጋግሩት፣ በስሙ ይጥሩት።

ደረጃ 5፦ መንገድ ላይ

1. ባጃጅ አይጠቀሙ፤ ጎኑ ክፍት ነው። ሚኒባስ ወይም የተዘጋ መኪና ይኮናተሩ።
2. ታማሚው መሃል ወንበር ላይ፣ ከበሩም ከሾፌሩም ርቆ ይቀመጥ። ሁለት የሚያምናቸው ሰዎች አብረውት ይሁኑ። ሴት ከሆነች አንዷ የግድ ሴት ዘመዷ ትሁን።
3. ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይነሱ። ዳቦና ውኃ ይያዙ፤ ካርድ ክፍል በር ላይ የራበው ሰው ይቆጣል።
4. ከፋርማሲ በግል የተገዛ ማስተኛ አይስጡት። ሐኪሙ ሲያየው ተኝቶ ካገኘው ምንም መመርመር አይችልም፤ መጠጥ ካለበት ደግሞ ትንፋሹን ሊያቆም ይችላል።

ደረጃ 6፦ ሐኪሙ ፊት

ጽሑፉን ይስጡና ዝም ይበሉ። መጀመሪያ የሚናገረው ታማሚው ነው። ለብቻው ከሐኪሙ ጋር የሚነጋገርበት ደቂቃ ይጠይቁለት፤ የግል ሕይወቱ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የተጠበቀ ነው፣ ቤተሰብ ፊት የማይነገር ነገርም አለ።

ሳይወጡ እነዚህን ይጠይቁና ዶሴው ውስጥ ይጻፉ፦

- የሕመሙ ስም ምንድን ነው?
- የመድኃኒቱ ስም፣ መጠንና ሰዓት?
- ምን ዓይነት የጎንዮሽ ችግር ቢመጣ ነው በዚያው ቀን የምንመለሰው?
- ቀጣዩን መድኃኒት ከሠፈራችን ጤና ጣቢያ ማግኘት እንችላለን?
- *ቀን ያለበት፣ የተፈረመበትና ማኅተም ያረፈበት የሕክምና ማስረጃ ይሰጠን።*

የመጨረሻውን ጥያቄ ሁሉም ይረሳዋል። ያ ወረቀት ለሥራ ቦታው፣ ለፖሊስና ለፍርድ ቤት የሚሠራው አንድ ማስረጃ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ «በዚያን ጊዜ ታምሞ ነበር» ብሎ መመስከርና ማኅተም ማሳየት አንድ አይደሉም።

ደረጃ 7፦ የመድኃኒቱ የመጀመሪያ ወራት

መድኃኒቱ በአንድ ቀን አይሠራም። እንቅልፍ በቀናት ውስጥ ሊመለስ ይችላል፤ ፍርሃቱና ድምፁ እስኪቀንስ ግን ሳምንታት ይፈጃል። «ሳምንት ዋጠ፣ ምንም አልሆነም» ብለው አያቁሙ።

ወንድሜ ሃሎፔሪዶል በጀመረ በሦስተኛው ቀን ማታ አንገቱ ወደ ግራ ተጠመዘዘ፣ ዓይኑ ወደ ላይ ተሰቀለ፣ ምላሱ አልታዘዝ አለው። እናቴ ተንበረከከች። ጎረቤት «ያደረበት መልኩን አሳየ» አለ። የሆነው ግን የታወቀ የመድኃኒቱ የጎንዮሽ ችግር ነበር። ጤና ጣቢያ አድርሰነው አንድ መርፌ ተወጋ፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አንገቱ ተመለሰ። ይህን አስቀድሞ የነገረን ቢኖር ያን ሌሊት ያን ያህል ባልፈራን። ስለዚህ እነሆ፦

- *አንገት መጠምዘዝ፣ ዓይን መሰቀል፣ መንጋጋ መያዝ፦* በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ፤ መድኃኒቱን ይዘው ይሂዱ።
- *ከፍተኛ ትኩሳት ከሰውነት መገተርና ከመቃዠት ጋር፦* መድኃኒቱን አይስጡ፤ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት። ይህ ሊገድል ይችላል።
- *ካርባማዜፒን የሚወስድ ሰው ሽፍታ ወይም የአፍ ቁስል ካወጣ፦* አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።
- *ሊቲየም የሚወስድ ሰው ካስታወከ፣ ካስቀመጠው ወይም እጁ አብዝቶ ከተንቀጠቀጠ፦* የውኃ እጥረት መድኃኒቱን ወደ መርዝነት ይወስደዋል። መድኃኒቱን ያቁሙና በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ያድርሱት።
- *ቫልፕሮዬት የታዘዘላት በመውለድ ዕድሜ ላይ ያለች ሴት፦* ጽንስ ሊጎዳ ስለሚችል ከሐኪሟ ጋር ትነጋገር፤ ራሷ ግን በድንገት አታቁም።

ዐቢይ ጾም ወይም ረመዳን ሲቃረብ አስቀድመው ሐኪሙን ያማክሩ። ሰዓቱ ብዙ ጊዜ ወደ ማታ ሊዛወር ይችላል። በራሱ ሥልጣን መድኃኒት የሚያዘልል ጾመኛ ግን ከበዓሉ በፊት ተመልሶ ይታመማል።

ቀጠሮው ሁለት ሳምንት ሲቀረው የቀረውን ክኒን ይቁጠሩ። ከሆስፒታሉ ከጠፋ ከነማና ቀይ መስቀል ፋርማሲዎችን ይጠይቁ።

«ዳነ» ብላችሁ የምታቆሙበት ቀን

ትልቁ አደጋ ሲሻለው ይመጣል። ሰውየው ተኝቷል፣ ሥራ ጀምሯል፣ ክኒኑ ያወፍረዋል፣ ሁሉም ሰልችቶታል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ለጤና ባለሙያዎች ያወጣው መመሪያ ምልክቶቹ ከጠፉ በኋላ ለሳይኮሲስ (የሌለ ድምፅ መስማትና የሌለ ነገር ማመን ላለበት ሕመም) ቢያንስ 12 ወር፣ ለድብርት ከ9 እስከ 12 ወር መቀጠልን ይመክር ነበር፤ ደጋግሞ ለታመመ ከዚያም ይረዝማል። ማቆም የሚቻለው በሐኪም ምክር፣ ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ነው። በየቀኑ መዋጡ ከከበደው በየወሩ የሚወጋ ፍሉፌናዚን የሚባል መርፌ እንዳለ ሐኪሙን ይጠይቁ።

ደረጃ 8፦ ሰንሰለትና ጸበል

ለምን እንደምታስሩ አውቃለሁ። ከቤቱ መቶ እርምጃ ርቆ አውራ ጎዳናው አለ፤ ሲኖ ትራኩ አይቆምም። እናት ልጇን ከግንድ ጋር ስታስር ከጥላቻ አይደለም። ግን የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 17 ሰው ከሕግ ውጭ ነፃነቱን እንዳያጣ፣ አንቀጽ 18 ኢሰብዓዊ አያያዝ እንዳይፈጸምበት ይላሉ፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 585 ደግሞ ሰውን ያለ ሕግ ይዞ ማቆየትን ያስቀጣል። ሰንሰለቱ ሥጋ ይበላል፣ ቁስሉ ይመረቅዛል፣ ሰውየውም የሚረዳውን ሁሉ መጥላት ይጀምራል።

በምትኩ ይህን ያድርጉ፦ ከእድሩ ጋር ተነጋግረው ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ተራ ያውጡ፤ ቀን ሁለት ሰው፣ ሌሊት አንድ ሰው። የግቢው በር ይቆለፍ፣ ቁልፉ ግን አብሮት ግቢው ውስጥ ባለ ሰው እጅ ይሁን። የስልክ ቁጥርዎን በነጭ ጨርቅ ላይ በማይለቅ ቀለም ጽፈው በጃኬቱ የውስጥ ኪስ ላይ ይስፉት። እናቴ በአራት ጃኬት ላይ ሰፍታለች፤ አንድ ቀን ከቃሊቲ የደወለልን የማናውቀው ሰው ያንን ጨርቅ አንብቦ ነው።

አስቀድሞ የታሰረ ሰው ካለ ሰንሰለቱ የሚፈታው ከሐኪም ቤት ሲመለስ አይደለም፤ ዛሬ ነው። ሲፈቱት የሚወደው ሰው አጠገቡ ይሁን፣ ውኃና ምግብ ይቅረብ፣ ቁስሉ ይታጠብ፣ ከዚያ ወደ ደረጃ 4 ይመለሱ።

ጸበሉን ማንም አይከለክልዎትም። እንጦጦም ሆነ ሌላ ቦታ ሲሄዱ ክኒኑን በኪስዎ ይያዙ፣ ለአጥማቂው ስለ መድኃኒቱ ይንገሩ፣ በባዶ ሆድ ለቀናት እንዳይቆይ ያስፈቅዱለት። «መድኃኒቱን ካልተውክ አትጠመቅም» የሚል ሰው ካጋጠመዎ ታማሚውን ይዘው ወደ ሌላ አባት ይሂዱ። የሚያስር ወይም የሚገርፍ ቦታ ደግሞ አያሳድሩት።

ደረጃ 9፦ ቤቱንና ንብረቱን መጠበቅ

በዳርቻው ይህ የየቀኑ ጉዳይ ነው። መሬት ዋጋ አለው፣ ኮንዶሚኒየም ዋጋ አለው፣ ታማሚውም ሲጋራ ለሰጠው ሰው ይፈርማል።

መሠረቱን ይያዙ፦ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 192 እና 196 መሠረት ማንኛውም ሰው ችሎታ አለው ተብሎ ይገመታል፤ «ችሎታ የለውም» የሚለው ወገን ያስረዳል። ስለዚህ የሕመሙ ስም ብቻውን ከሰውየው ቤቱን፣ ደመወዙን፣ ውርሱን ወይም የባንክ ደብተሩን አይወስድበትም። ይህ ለደላላ ብቻ የተነገረ አይደለም፤ «ለራሱ ብለን ነው» ለሚሉ ወንድምና እህቶችም ነው።

*ሀ. ደህና ባለበት ጊዜ።* ከእርሱ ጋር ተቀምጣችሁ ይነጋገሩ። የሚያምነው ሰው ካለ ልዩ ውክልና ይስጥ፤ ለምሳሌ ለመድኃኒት ገንዘብ ከባንክ ለማውጣት ብቻ። ቤት መሸጥን የሚጨምር ጠቅላላ ውክልና አታስፈርሙት። ውክልናን ሰጪው በማንኛውም ጊዜ መሻር ይችላል።

*ለ. ታምሞ ከፈረመ።* አይዘግዩ። በሕጉ አንቀጽ 341 መሠረት በሕመሙ ምክንያት ሆስፒታል ተኝቶ በነበረበት ጊዜ የፈረመው ነገር ለመቃወም ይቀላል። ተኝቶ ካልነበረ ግን አንቀጽ 347 በፊርማው ሰዓት ትክክለኛ ፈቃዱን መስጠት በማይችልበት ሁኔታ ላይ እንደነበረ ማስረዳትን ይጠይቃል። ደረጃ 6 ላይ ያለው ማኅተም የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ውል ይፍረስልኝ የሚል ክስ በአንቀጽ 1810 የሁለት ዓመት ገደብ አለበት።

1. የውሉን ወይም የውክልናውን ቅጂ ያግኙ፤ ቀኑን ከሐኪም ወረቀቱ ቀን ጋር ያስተያዩ።
2. ውክልና ከሆነ፣ ታማሚው አሁን ደህና ከሆነ፣ ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዶ ራሱ ይሻረው።
3. ቤቱ ወደ ሦስተኛ ሰው እንዳይዛወር ከክሱ ጋር *የእግድ አቤቱታ* ያቅርቡ። ያለ እግድ የተከፈተ ክስ ሲያልቅ ቤቱ ሦስት ጊዜ ተሽጦ ይገኛል።

*ሐ. በፍርድ መከልከል።* ሌላ መንገድ ሲጠፋ ብቻ። አንቀጽ 351 ጤናውና ጥቅሙ የሚያስገድድ ሲሆን ፍርድ ቤት ሰውየውን ሊከለክለው ይችላል ይላል፤ በአንቀጽ 353 መሠረት ማመልከት የሚችሉት ራሱ፣ የትዳር ጓደኛው፣ ዘመዶቹና ዐቃቤ ሕግ ናቸው። ከተወሰነ በኋላ አሳዳሪና ሞግዚት ይሾሙለታል፤ እርሱ ብቻውን መዋዋል፣ መናዘዝ፣ ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ ማግባትም አይችልም። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት የሚለው ሰውየው እንዲወስን *ይታገዝ* ነው እንጂ በምትኩ ይወሰንለት አይደለም። እኔ ከ«ሀ» ጀምራችሁ ሳትሞክሩ ወደዚህ አትሂዱ እላለሁ። ክልከላው ከተሰጠም ሲሻለው እንዲነሳለት ማመልከትን አይርሱ።

አቤቱታ ከማቅረብዎ በፊት ጉዳዩ በየትኛው ፍርድ ቤት እንደሚታይ ሬጅስትራሩን ይጠይቁ። መኖሪያዎ በሸገር ከተማ ከሆነ ጉዳዩ ወደ ኦሮሚያ ፍርድ ቤት ሊሄድ ይችላል፤ የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ጸሐፊ አስቀድመው ያግኙ። የዳኝነት ክፍያ ከሌለዎ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 467 በድህነት ለመክሰስ ያመልክቱ፤ ከወረዳ የአቅም ማነስ ማስረጃ ይያዙ።

ደረጃ 10፦ ሥራው እንዳይጠፋ

የግል ድርጅት ሠራተኛ ከሆነ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይሠራለታል። በቀረ ማግሥት ለአሠሪው ያሳውቁ፤ የሕክምና ማስረጃውን ያስገቡና ቅጂው ላይ ያስፈርሙ። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወራት ውስጥ እስከ ስድስት ወር የሕመም ፈቃድ አለው፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ያለ ደመወዝ። የሕመሙ ስም ለሥራ ባልደረቦቹ እንዲነገር አይገደድም። «ሥራውን ይልቀቅ» የሚል ደብዳቤ ሲያቀርቡላችሁ በታመመበት ቀን አያስፈርሙት።

ደረጃ 11፦ ፖሊስ ከያዘው

1. ዶሴውንና የዕለቱን መድኃኒት ይዘው በዚያው ቀን ጣቢያ ይድረሱ። መድኃኒቱ እንዲሰጠው ለተረኛው መኮንን በጽሑፍ ይጠይቁ።
2. በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት ያስታውሱ፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ነው።
3. ለመርማሪው፣ ለዐቃቤ ሕጉና ለዳኛው ሕመሙን ይንገሩ። ሦስቱም ይስሙት፤ አንዱ ለሌላው ይነግራል ብለው አይተማመኑ።
4. በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 51 የባለሙያ ምርመራ እንዲታዘዝ ይጠይቁ። ድርጊቱን ሲፈጽም በሕመሙ ምክንያት የሚያደርገውን የማያውቅ ወይም ራሱን መግታት የማይችል ከነበረ በአንቀጽ 48 አይቀጣም፤ በከፊል ከሆነ አንቀጽ 49 ቅጣቱን ያቀልለታል። በአንቀጽ 48 ነፃ ቢባልም ፍርድ ቤቱ ሕክምና ወይም ጥበቃ ሊያዝ ስለሚችል በዚያው ቀን ወደ ቤት ይገባል ብለው ለእናቱ ተስፋ አይስጡ።
5. ጠበቃ መቅጠር ካልቻለ መንግሥት ተከላካይ ጠበቃ እንዲያቆምለት በችሎት ይጠይቅ።

በጣቢያም ሆነ በሕክምና ቦታ ተደብድቦ ወይም ታስሮ ካገኙት ቁስሉን በዚያው ቀን ሐኪም አይቶ ይጻፍ፣ ፎቶ ይነሳ። ከዚያ ለኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ወይም ለእንባ ጠባቂ ተቋም በጽሑፍ ያመልክቱ። አቤቱታውን ሲያስገቡ በእጅዎ የሚቀረው ቅጂ ላይ ቀንና ማኅተም ያስመቱ፤ ቅጂውንም ወደ ዶሴው ይመልሱት።